ልጅቷን መድረክ ላይ አታውጧት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ አንድ ጉዳይ ላይ ወደቁ፦ በሃይማኖታቸው ምክንያት ከቀያቸው ተፈናቅለው ደሴና ኮምቦልቻ ስለገቡ ክርስቲያኖች፣ ይበልጡን ስለ ልጆቻቸው። የመጡበትን ቦታ፣ የአጥቢያውን ስምና የሰዎቹን ስም ከደብዳቤዎቹ ላይ አውጥቻለሁ። ጠያቂዎቼ ቅር እንዳይላችሁ፤ እዚያ የቀረ ዘመድ አላቸው።

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለመምህርት። ደሴ የምገኝ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናቸው ተቃጥሎባቸው የመጡ 7 ቤተሰቦች በአጥቢያችን አዳራሽ ካረፉ ሁለት ወር ሆናቸው። 19 ልጆች አሏቸው። ሰበካ ጉባኤው የገቢ ማሰባሰቢያ ጉባኤ እንድናዘጋጅ ፈቅዶልናል። ከልጆቹ ሁለት ሦስቱ ወጥተው ያዩትን በራሳቸው አንደበት ቢናገሩ የምእመኑ ልብ ይነካል ብለን አስበናል። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በተለይ ጎበዝ ተናጋሪ ናት። እንዴት እናዘጋጃት? ሌላው፣ ሦስት ምእመናት ይህችኑ ልጅ ወስደን እናሳድግ ብለዋል፤ ለየትኛዋ ብንሰጥ ይሻላል? ከሚገኘው ገንዘብስ በቅድሚያ ምን እንግዛ?»

መልስ፦ ልጄ፣ አታዘጋጇት። ጉባኤውን አዘጋጁ፣ ልጅቷን ተዉአት።

ይህን የምልህ አድርጌው ስለማውቅ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ጅግጅጋ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉና ካህናት ሲገደሉ፣ ከዚያ ሸሽቶ ከእናቱ ጋር ደሴ አክስቱ ዘንድ የመጣ የ9 ዓመት ልጅ በመስከረም እኔ ክፍል ገባ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ለአንድ ጉባኤ አሰናዳሁት። አጭር ንግግር ጻፍኩለት፣ አስጠናሁት፣ የልጅ ልጄን ነጭ ሸሚዝ አልብሼ አወጣሁት። ተናገረ። ሰው አለቀሰ፣ የተገለበጠው ጥላ በብር ሞላ። በሳምንቱ ሌላ አጥቢያ ጠራው። በሦስተኛው ጊዜ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሰማው እኔ ያልጻፍኩለትን፣ እናቱም ያልነገረችኝን ጨመረበት፤ አንድ ቄስ ዓይኑ እያየ እንደሞቱ ተናገረ። እሱ በዚያ ሰዓት ጎረቤት ቤት አልጋ ሥር ነበር። ሲወርድ ለብቻው ወስጄ ጠየቅኩት። «እዚያ ጋ ስደርስ ሰው አያለቅስም ነበር እኮ» አለኝ።

እናቱ ቆይታ እንደነገረችኝ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ የሚለፈልፈው ያየውን ሳይሆን እኔ የጻፍኩለትን ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅ መድረክ ላይ አውጥቼ አላውቅም። ጥላውን የሞላው ብርም ለምን እንደዋለ ዛሬ ትዝ አይለኝም።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘሁት ራሴ ተሰልፌ ነው። በጥቅምት 2014 ደሴ ስትያዝ ከልጅ ልጆቼ ጋር በኮምቦልቻ አድርገን ደብረ ብርሃን ገባን። አንድ ቀን ሁለት ፓኬት ማካሮኒና አንድ ሊትር ዘይት ሊሰጡን አሰለፉን። ተራዬ ደርሶ እጄን ስዘረጋ ሰጪው ፓኬቱን አልለቅ አለ፤ እሱም ይዞ፣ እኔም ይዤ፣ ካሜራው እስኪያነሳን ቆምን። «እማማ፣ ቀና ይበሉ እስኪ» አለኝ ፎቶ አንሺው። 31 ዓመት ሙሉ ልጆችን «ቀና በሉ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ማካሮኒውን በላነው፤ ፎቶው የት እንዳለ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። የእናንተ ልጆች ፎቶ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አንዴ በስልክ ከተለቀቀ ያሳደዷቸው ሰዎች እጅም ይገባል፣ እዚያ የቀረው አያት ደጅም ይደርሳል። በጉባኤው ዕለት በር ላይ አንድ ሰው አቁማችሁ «ልጆቹን በስልክ አትቅረጹ» በሉ።

ታዲያ ማን ይናገር? ከመጡት አዋቂዎች ፈቅዶ የሚናገር ካለ ይናገር፤ አንድ ጊዜ፣ የሚለውን ራሱ መርጦ። ከሌለ አንተ ራስህ ውጣና ሒሳቡን ንገራቸው፦ 7 ቤተሰብ፣ 19 ልጅ፣ የቤት ኪራዩ ይህን ያህል፣ ዩኒፎርሙ ይህን ያህል። የደሴ ሰው ዕድር የሚያስተዳድር ሕዝብ ነው፤ ሒሳብ ሲነገረው ይገባዋል። ገንዘቡን ሦስት ሰው በሚፈርምበት ሒሳብ አስገቡ፤ ከሦስቱ አንዱ ከተፈናቃዮቹ ይሁን። በወሩ መጨረሻ የወጣውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉት።

አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ፤ ከደብዳቤህ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህኛው ነው። እናቷ አዳራሹ ውስጥ ካሉት አንዷ ከሆነች ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ። ልጅ ከእናቷ አትነጠልም፣ ድህነት ለመነጠል ምክንያት አይሆንም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ከ19 ልጆች መካከል ሦስቱም ሴቶች የ12 ዓመቷን ብቻ የመረጡት ለምንድን ነው? የ4 ዓመት ወንድ ልጅ የጠየቀ ሰው አለ? 12 ዓመት ውሃ የሚቀዳበት፣ ሕፃን የሚታዘልበት፣ እንጀራ የሚለመድበት ዕድሜ ነው። ሴቶቹ ክፉ ናቸው አልልም፤ ሲጠይቁ ከልባቸው ይሆናል። እኔ ግን ማታ ክፍል ለዓመታት ሳስተምር «ላሳድጋት» ተብለው የመጡ ልጆችን ከፊቴ ተደርድረው አይቻለሁ። ሊጥ ጥፍራቸው ሥር ደርቆ፣ እስክሪብቶ እንደያዙ ይተኛሉ። በመጀመሪያው ዓመት የቀን ተማሪ ናት፤ በሁለተኛው ዓመት ማታ ትሆናለች፤ በሦስተኛው ወንበሯ ባዶ ነው።

ለሦስቱ ሴቶች እንዲህ በሏቸው፦ ልጅቷን ከወደዳችሁ የእናቷን ኪራይ ለሦስት ተካፈሉ፣ ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ቡና ትጠጣላችሁ። ከመካከላቸው አንዷ ብትስማማ እግዜር ይስጣት። ወላጅ የሌለው ልጅ ከመጣባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ዘመድ ፈልጉ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት ሥራ አለው፣ እዚያ አስመዝግቡ። ለከተማው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አሳውቁ። ወንድምና እህትን አትለያዩ።

ገንዘቡ በቅድሚያ ቤት ይከራይበት። አዳራሽ ለሁለት ሳምንት መጠለያ ይሆናል፤ ሁለት ወር ሲሞላው ግን የደረሱ ልጃገረዶች አንሶላ ውስጥ ገብተው ልብስ የሚቀይሩበት ቦታ ነው። በሐምሌ 2006 መጨረሻ ኢራቅ ውስጥ አይኤስ የተባለው ታጣቂ ቡድን ቃራቆሽ የምትባለውን የክርስቲያኖች ከተማ ሲይዝ ሕዝቡ በአንድ ሌሊት ነቅሎ ኤርቢል አጠገብ ወዳለችው አንካዋ ሸሸ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድንኳን ተተከለ፤ ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ የገባውም ብዙ ነበር። የኤርቢል የከለዳውያን ሀገረ ስብከት ግን በድንኳኑ አልረካም፤ ሰዎቹን ወደ ተገጣጣሚ ቤቶች፣ ከዚያም ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተጋርቶ ወደሚኖርባቸው የኪራይ ቤቶች አዛወረ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ከፈተ፤ በዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ጭምር። እናንተ ዩኒቨርሲቲ ክፈቱ አልልም። 7 ቤተሰብ ግን 7 በር ይፈልጋል፤ የሦስት ወር ኪራይ ከሰባት ጀሪካን ዘይት ይበልጣል።

ከዚያ ትምህርት ቤት። «መሸኛ አምጡ» ስትባሉ አንገታችሁን ደፍታችሁ እንዳትመለሱ። መሸኛውን የሚጽፈው ርዕሰ መምህር ራሱ ተፈናቅሎ ይሆናል፤ የክርስትና ምስክር ወረቀቱም ከመዝገቡ ጋር ነድዷል። ከቀበሌ ተፈናቃይ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ አውጡ፣ ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ ሂዱ፣ ልጆቹ ተፈትነው በሚመጥናቸው ክፍል እንዲገቡ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የተቀበላችሁንም ሰው በቅጂው ላይ አስፈርሙ። የአፍሪካ ኅብረት በ2002 ካምፓላ ላይ ያወጣውና ኢትዮጵያ በ2012 ያጸደቀችው የአገር ውስጥ ተፈናቃዮች ስምምነት፣ መንግሥት ለተፈናቃይ መታወቂያና የልደት ማስረጃ የመሳሰሉትን እንዲሰጥ፣ የጠፋውን እንዲተካ ያስገድዳል። አንቀጽ 13 ነው። ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቢሮ ቁጥር ይፈራል።

ልጆቹ ክፍል ሲገቡ ደግሞ መምህሩን አንድ ነገር ለምኑልኝ፦ «ተፈናቃዮች» ብሎ እንዳይጠራቸው። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ባልደረባዬ በር ላይ ቆማ «ተፈናቃዮች እጅ አውጡ፣ ደብተር መጥቷል» አለች። አንድ ልጅ እጁን ሳያወጣ ቀረ። ደብተር አልነበረውም፤ የሒሳብ ትምህርቱን በአሮጌ ካላንደር ጀርባ ነበር የሚጽፈው። በእረፍት ሰዓት ማንም ሳያይ ሁለት ደብተር ቦርሳው ውስጥ ከተትኩለት። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘኋቸው። በወሩ መጨረሻ ክፍሉን ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠይቄ «ለመለሰ ደብተር እሸልማለሁ» አልኩ። መለሰ፣ ወሰደ። ጥያቄውን ለሱ ብዬ እንዳቀለልኩት ግን ሳያውቅ አይቀርም።

በዚያው ሰፈር ተፈናቅሎ የመጣ የሙስሊም ልጅ ካለ ከደብተሩ ይድረሰው። ልጆች ማን አግኝቶ ማን እንደቀረ ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ «አሰላሙ ዓለይኩም መምህርት። ቤቴ ደሴ ሸዋ በር ነው። ከግቢዬ አንዱን ክፍል ተፈናቅለው ለመጡ ክርስቲያኖች ሰጥቻለሁ፤ እናትና ሦስት ልጆች ናቸው። የሦስት ወር ኪራይ አልቀበልም ብያለሁ። ትንሹ ልጅ 6 ዓመቱ ነው፤ አዛን ሲል ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል። ወላሂ ልቤ ይሰበራል። እናቱ ታፍራለች፣ እኔም አፍራለሁ። አንዲት ጎረቤቴ ‹ፈርተውሻል፣ ለክርስቲያን ጎረቤት አስረክቢያቸው› አለችኝ። ላስረክብ? አረፋም እየደረሰ ነው፤ ለጎረቤት ሥጋ ማካፈል ልማዳችን ነው፣ ለነሱ ምን ላድርግ? አባቴ ይነግሩን እንደነበረው ቅድመ አያታችን በአፄ ዮሐንስ ጊዜ ሃይማኖትህን ለውጥ ተብለው በሌሊት ሲሸሹ አንድ ክርስቲያን ባላገር ጎተራ ውስጥ አሳድሯቸዋል። ያንን ብድር ልመልስ ብዬ ነበር።»

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም እህቴ። አብሽሩ።

ስልክዎን ስለጻፉልኝ ደውዬ አንድ ነገር ጠይቄዎ ነበር፦ እሑድ ሌሊት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሲከፈትስ? ትንሽ አሰቡና «እሱም ጊዜ ይገባል ለካ» አሉኝ። የሎተሪ መኪና እየለፈፈ ሲያልፍስ? «ኧረ የሎተሪው ጊዜማ ሽንቱን ለቀቀ!» እናቲቱን ጠይቀው እንደነገሩኝ፣ በተፈናቀሉበት ቀን ልጁ ከሁሉ በፊት የሰማው በድምፅ ማጉያ የሚጮህ ሰው ነበር። እንግዲህ የልጁ ጠላት ቆርቆሮ ውስጥ የሚያስተጋባ ድምፅ ነው። እርስዎ ከእንግዲህ አይፈሩ።

አዛን ሰዓት አለው፣ ይህ ለእርስዎ ጥሩ ዕድል ነው። ሊል ትንሽ ሲቀረው ልጁን ይጥሩትና «አሁን ሊል ነው፤ ሰውየው ሰዎችን ለሶላት እየጠራ ነው» ይበሉት። ሁልጊዜ በዚያች ሰዓት አንድ ዓይነት ነገር ይስጡት፤ ቁራሽ ዳቦ ይሁን ቆሎ፣ በእርስዎ እጅ። አልጋ ሥር ከገባም አይጎትቱት፤ አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ ይበሉና ሲያልቅ «አለቀ» ይበሉት። እናቱ ከፈቀደች ልጅዎ አንድ ከሰዓት ይዞት ሄዶ አዛን የሚሉትን ሽማግሌ ያስተዋውቀው፣ ማይክሮፎኑን ይንካው። ፊት ያለው ድምፅ ፊት እንደሌለው አያስፈራም። አንድ ወር ሞልቶት ካልተኛ፣ ካልበላ ወይም ንግግር ካቆመ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት። እናቱ ጠበል ላስጠምቀው ካለችም ታስጠምቀው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ማስረከቡን ይተዉት። ያ ልጅ በቅርቡ ስንት በር እንደቀየረ ይቁጠሩት፤ አሁን ሌላ በር ቢጨምሩለት የባሰ ነው።

ስለ አረፋው፣ እናንተ ሸዋ በሮች ይህን ለእኔ ነው የምትጠይቁት! የታረደ አይላኩ፤ እናቲቱ መብላት አትችልም፣ እምቢ ማለትም ታፍራለች፣ ሥጋው ተደብቆ ለውሻ ይወጣል። ዶሮዋን ከነነፍሷ ይስጧት፣ ታሳርዳት። ጾም ላይ ከዋለ ቡናና ስኳር ይበቃል። ልጆቹ ከልጆችዎ ጋር ዳቦ ይብሉ።

ስለ ቅድመ አያትዎ የጻፉትን ሁለቴ አነበብኩት። የወሎን መቻቻል መድረክ ላይ ሲያወሩት ይሰለቸኛል፤ እንዲያው ተቻችሎ ብቻ የኖረ አገር ያስመስሉታል። ቦሩ ሜዳ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። በ1870 አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ የሃይማኖት ጉባኤ አድርገው፣ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሆነው የደሴውን አዳራሽ አይጠየፍን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ሼህ ጠልሃ አልጠመቅም ብለው ተዋጉ፤ ስንቱ ቤቱን ዘግቶ ሸሸ። ያዘዘው የእኔ ወገን ነው። ተማሪዎቼን አይጠየፍን ላሳይ እየወሰድኩ አዳራሹን አድንቄ ይህን ሳልናገር የተመለስኩበት ዓመት ብዙ ነው።

ብድሩን ለልጁ አይንገሩት፤ እሱ የማንም ብድር መክፈያ መሆኑን ማወቅ አያስፈልገውም። ለእናቲቱ ግን አንድ ቀን፣ በረካው ላይ ስትደርሱ፣ የጎተራውን ታሪክ ይንገሯት።

ጥያቄ፦ «17 ዓመቴ ነው፣ ኮምቦልቻ ነኝ። 11ኛ ክፍል ላይ እያለሁ ነው የተፈናቀልነው። አሁን መጋዘን ውስጥ ሲሚንቶ እሸከማለሁ። አንዱ ደላላ በጅቡቲ አድርጌ ሳዑዲ አስገባሃለሁ ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ በሊቢያ አውሮፓ ከገባህ ክርስቲያን ስለሆንክ ወዲያው ጥገኝነት ይሰጡሃል ይላል። እሑድ እሑድ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ‹ጠንክር› ይሉኛል። እዚያ መዘምር ነበርኩ፣ ከበሮ እመታ ነበር። እዚህ ከበሮ ምታ ያለኝ የለም፤ ተናገር ብቻ ነው የሚሉኝ። ልሂድ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ «ጠንክር» አልልህም። ሲሚንቶ የሚሸከም ሰው ጠንካራ ነው።

የደላላውን ነገር ልንገርህ። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 አይኤስ ሊቢያ ውስጥ 30 የሚያህሉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ አወጣ። ከአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር የወጡ ልጆች ነበሩባቸው፤ ሥራ ፍለጋ ነበር የሄዱት። ቤተ ክርስቲያን ሰማዕታት ብላቸዋለች። ክርስቲያንነትህ በዚያ መንገድ ላይ የሚያስገድልህ እንጂ የሚያሳልፍህ አይደለም። አውሮፓም ብትደርስ ጥገኝነት በሃይማኖት ስም ብቻ አይሰጥም፤ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ለብቻው ይመረመራል፣ ከዚያው ከአገርህ ሌላ ቦታ በሰላም መኖር ትችል እንደሆነም ይጠየቃል። ደላላው ይህን ያውቃል፤ የሚከፈለው ግን ለመንገዱ ነው። በጅቡቲ በኩል ያለውን ደግሞ የእኛ አገር ሰው ሊነግርህ ይችላል፤ ኦቦክ ላይ ጀልባ ተሳፍሮ ያልተመለሰ ልጅ የሌለበት የወሎ ቀበሌ ካለ አሳዩኝ።

አሁን ስላለህበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት ሠራተኛ ይለዋል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም አይሠራም። በመጋዘን ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መግፋትና መጎተት ለሱ ከተከለከሉት ሥራዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ የያዝከው ሥራ ለዕድሜህ የተፈቀደ አይደለም፤ ነገ ጣለው ማለቴ አይደለም፣ እራትህን ከየት እንደምታገኝ አውቃለሁ። ግን በ2009 በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ በከተማው በሌሎች ፋብሪካዎች ቀለል ያለ የቀን ፈረቃ ፈልግ። ስትጠየቅ ዕድሜህን አትጨምር፤ ከጨመርክ ሕጉ አይደርስልህም። በመስከረም ማታ 11ኛ ክፍል ተመዝገብ። ላይ ለመጀመሪያው ጠያቂ የጻፍኩት የሰነድ ጉዳይ ለአንተም ይሠራል፤ መታወቂያ ሳትይዝ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ እንዳትደርስ።

ደብዳቤህን ስጨርስ የቀረኝ ግን ከበሮው ነው። የምትሄድበት አጥቢያ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይህን መጽሔት ያነባሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እናንተ ልጆች፣ ከመካከላችሁ ብዙ የማያወራ፣ እጁ በሲሚንቶ የተላጠ ልጅ አለ። በመጪው እሑድ «እንዴት ነበር እዚያ?» አትበሉት። ከበሮውን ስጡት። እጁ ካመመው ጽናጽሉን ይያዝ።

ጥያቄ፦ «ወንጌላውያን ነን፣ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ። ለተፈናቀሉት ኦርቶዶክሶች ዱቄትና ልብስ ሰብስበን ብንሄድ ‹ሃይማኖታችንን ልታስለውጡ ነው› ተባልን። እንተወው?»

መልስ፦ አትተዉት። የፈሩበትን ምክንያት ግን አትናቁ፤ በሃይማኖቱ ተሳድዶ የመጣ ሰው ስለ ሃይማኖቱ ሲጠየቅ ይደነግጣል። የካቲት 2009 ግብፅ ውስጥ፣ ከሲና ኤል አሪሽ ግድያ ሸሽተው ኢስማኢሊያ የደረሱትን የቅብጥ ቤተሰቦች በሩን ከፍቶ የተቀበላቸው የከተማው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው። ከመጡት አብዛኞቹ ኦርቶዶክሶች ነበሩ። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይላል፤ ድንኳን ውስጥም ቢሆን።

የያዛችሁትን ለአጥቢያው አስተዳዳሪ በዝርዝር አስረክባችሁ ተፈራረሙ። ትራክትም፣ መዝሙርም፣ የማኅበራችሁ ስም የታተመበት ቲሸርትም አይኑር። ልብሱ ውስጥ የተቀደደና ቁልፍ የሌለው ካለ አውጡት። ዱቄቱ ይበቃል፤ በቦታው ሳሙናና ሞዴስ ጨምሩ። ከ12 ዓመት በላይ ያሉት ልጃገረዶች ስንት እንደሆኑ ከእናቶቹ አንዷን ለብቻ ጠይቁ፣ በጥቁር ፌስታል አድርጋችሁ ለሷ ስጧት።